የዘነበወርቅ ብርድና የሳሎን ዓሣዎች

ፋይተር የሚባለው ዓሣ ከማሞቂያው ዘንግ ጀርባ ተሸጉጧል። ከሱቅ ሲመጣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም፣ ሲዞር የሚነሰነስ ቀይ ነበር። አሁን ስስ ቆዳው ተበልቶ ጨረሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ከፊቱ ጥቁር መቀነት ያላቸው አራት ታይገር ባርቦች ይመላለሳሉ። አንዱ ድንገት ይወነጨፍና ጅራቱን ነክሶ ይመለሳል። ፋይተሩ ወደ ግራ ሲሸሽ ሌላው እዚያ ይቀበለዋል።

«ያማረ ያማረውን ነበር የመረጥነው» አሉ የቤቱ ባለቤት። በዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ ግቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ገንዳውን ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው ያሠሩት። መስታወቱን የሰፈሩ አልሙኒየምና መስታወት ሠራተኛ ቆርጦ በሲሊኮን አያይዞላቸዋል፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር። እስከ አፉ ቢሞላ 63 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ የሚቀረው ውሃ 50 ሊትር ግድም ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ከፋይተሩና ከታይገር ባርቦቹ ሌላ ሁለት ኤንጅልፊሽ፣ ሁለት ጎልድፊሽና መስታወት ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን የሚልስ አንድ ሳከር አሉ። ኒዮን ቴትራዎቹ ስምንት ሆነው ገብተው ሦስት ቀርተዋል። የጎደሉት አምስቱ ሬሳቸው እንኳ አልተገኘም።

መምህሩ ድመቷን ነበር የጠረጠሩት። ወደ ቤታቸው የጠሩት፣ እዚያው ሰፈር በረንዳው ላይ ጋፒ የሚያራባ ወጣት ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ለጥቂት ጊዜ ካየ በኋላ ወደ ኤንጅልፊሾቹ አመለከተ።

«ጋሼ፣ ድመቷ የለችበትም። የበሏቸው እነዚህ ናቸው።»

«እነዚህ? እነዚህማ ጨዋ ናቸው!»

«ጨዋ ናቸው። ግን ኒዮኗ አፋቸው ውስጥ ትገባለች።»

አብረው የሚኖሩ ዓሣዎችን ለመምረጥ ከሚያስፈልገው እውቀት ብዙው በዚህች መልስ ውስጥ አለ። አብዛኛው ዓሣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሌላ ዓሣ ይውጣል፤ ለዚህ ጠበኛ መሆን አያስፈልገውም። ኤንጅልፊሽ ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ በሐዋሳው አሞራ ገደል የምናውቀው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሽዬ ሆኖ የሚታየው ኤንጅልፊሽ ሲያድግ የገላው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኒዮን ቴትራ ግን ዕድሜ ልኳን ከ4 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አታልፍም። ሁለቱ በተገዙበት ቀን እኩያ መስለው ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንዱ የሌላው ራት ሆነ።

ለሽያጭ የሚቀርበው ዓሣ በአብዛኛው ገና ጫጩት መሆኑን ገዢው ልብ አይልም። ጣት የምታህለው ሳከር 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የምትደርስ የደቡብ አሜሪካ ወንዝ ዓሣ ናት። ኦስካር የሚባለውም እንዲሁ 30 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። በመምህሩ ገንዳ ሳከሯ ብታድግ ኖሮ መዞሪያ ታጣ ነበር፤ ወርዱ ራሱ 30 ሴንቲ ሜትር ነውና። ስለዚህ ለሻጩ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ሲያድግ ምን ያህላል?» የሚል ነው። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ካጋጠመ ዓሣውን ትቶ መውጣት ይሻላል።

ብዙ ሰው ከአንድ ዘር የሆኑ ዓሣዎች ይስማማሉ ብሎ ያስባል። ይህን ግምት የሚያፈርሰው ደግሞ የገዛ ሐይቃችን ጣና ነው። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ ከካርፕ ወገን የሆኑ፣ ጎልድፊሽም ታይገር ባርብም በሩቁ የሚዛመዷቸው ዓሣዎች ይኖራሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ወንዝ ዓሣ ለይቷቸው ስለኖረ እዚያው በዝተው በርካታ ዝርያ ሆነዋል። በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፋቸውን፣ መንጋጋቸውንና ሆዳቸው ውስጥ የተገኘውን እየመረመሩ 15 ያህል ዝርያ ለዩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። የካርፕ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ጣና ላይ ከዚህ ጥርስ አልባ ቤተሰብ አዳኝ ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ አንድ ሐይቅ ተካፍለው የሚኖሩት አንዱ ዳርቻውን፣ ሌላው ጥልቁን፣ አንዱ ቀንድ አውጣውን፣ ሌላው ትንንሽ ዓሣውን ስለያዘ ነው። ደግሞም ሦስት ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ አላቸው፤ ተባራሪው የሚሸሽበት አያጣም። ሳሎን ውስጥ ያለ ዓሣ የሚሸሽበት ከማሞቂያው ጀርባ ነው።

ታይገር ባርቦቹም ቢሆኑ ክፉዎች ሆነው አይደለም። በተፈጥሯቸው በመንጋ የሚኖሩ፣ መንጋቸው ውስጥም ሁልጊዜ የሚሯሯጡና ማዕረግ የሚለያዩ ናቸው። ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጠቡ በመካከላቸው ያልቃል። አራት ብቻ ሲሆኑ ግን ጉልበታቸውን ጅራቱ ረዥም፣ ዋናው ዝግ ያለ ጎረቤት ላይ ያወጡታል፤ ፋይተር፣ ኤንጅልፊሽና ወንዱ ጋፒ የዚህ ሰለባዎች ናቸው። «ጥቂት ይሁኑ እንጂ ከየዓይነቱ ይኑር» የሚለው የእኛ የግዢ ልማድ ለመንጋ ዓሣ መከራ ነው። ኒዮን፣ ዳኒዮ፣ ባርብ፣ ኮሪዶራስ ሁሉም ከስድስት በታች ሲሆኑ ይፈራሉ፤ የሚፈራ ዓሣ አይበላም፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በሽታም ቶሎ ያገኘዋል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ከአፍም ከጠባይም የሚቀድም ጉዳይ አለ።

ወጣቱ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ 21 ዲግሪ አነበበ። ማሞቂያው 25 ላይ ተስተካክሏል። «ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሄዶ ነበር፤ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም፤ ሰው ብርድ ልብስና ጋቢ ደርቦ ያድራል፣ ገንዳው ግን ከሳሎኑ አየር ጋር ይቀዘቅዛል። ፋይተር የታይላንድና የጎረቤቶቿ ሞቃት ረግረግ ዓሣ ስለሆነ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ኤንጅልፊሽም የሚፈልገው ይህንኑ ሙቀት ነው። ጎልድፊሽ በአንጻሩ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከዚያ በታችም ይችላል። ለፋይተሩ ሲባል የሚሞቀው ውሃ ጎልድፊሹን ያጨናንቀዋል፤ ለጎልድፊሹ ሲባል ማሞቂያው ቢነቀል ፋይተሩ በሽታ ላይ ይወድቃል። ዓሣ የገላውን ሙቀት የሚያገኘው ከውሃው ነው። ቅዝቃዜ ሲያደክመው ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ያገኘዋል፤ ገላው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ገላውንም ጠጠር ላይ ማሸት ይጀምራል። የሙቀት ፍላጎታቸው የተለያየ ዓሣዎች እርስ በርስ ባይነካኩም እንኳ አብረው መኖር አይችሉም።

ቆሮሶም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፣ መራባቱንም ይተዋል፤ 11 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ለዚህ ነው ሐዋሳና ጫሞ ላይ የሚፋፋው ዓሣ በደጋ ኩሬ የሚቀጭጨው። ከዘነበወርቅ የጅማን መንገድ ይዞ ሰበታ ላይ የሚገኘው የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚሠራው ለምግብ በሚረባ ዓሣ ላይ ነው፤ ሙቀት ለቆሮሶ የሚያደርገው ነገር ግን ሳሎን ውስጥ ላለውም ዓሣ ያው ነው።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ይህ ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ግድም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ከ6 ብዙም አያልፍም። ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ይይዛል፤ ያው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን 7 ያህል ይኖረዋል። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች «ለዚህ ለዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ የሚያስቡት ቆላና ዳርቻ ላይ ያለ ቤትን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከዚያ ቁጥር ቢያንስ ሩቡን መቀነስ አለበት እላለሁ፤ የአየር ፓምፑንም እንደ ጌጥ ማየት የለበትም። ጠዋት ዓሣዎቹ ሁሉ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ ከከፈቱ ምግብ መለመናቸው ላይሆን ይችላል፤ አየር አጥሯቸው ነው። ከእነሱ ውስጥ ፋይተር ከአየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል አለው።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ፓምፑም ማሞቂያውም ይቆማል። ወጣቱ ለመምህሩ የነገራቸው ቀላል ነው። ገንዳውን በጋቢ ዙሪያውን መጠቅለል፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መያዝ፣ እሱ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስም ምግብ አለመስጠት። የበላ ዓሣ ኦክስጅን አብዝቶ ይፈልጋልና።

ቀጥሎ ወደ ጓሮ ወጥተው ሮቶውን አዩ። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። የግድብ ውሃ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ ከምድር ውስጥ የወጣው ደግሞ ድንጋዩን አቋርጦ ስለሚመጣ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚያበጅ ከሆነ ውሃችሁ ወደ ከባዱ ያደላል። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ከባዱን ይወዳሉ፤ ኒዮንና ኤንጅልፊሽ ለስላሳውን። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች አልካላይን የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ጠበኞችም ስለሆኑ ለብቻቸው ካልሆነ አይሆኑም። ዓሣን ከቧንቧው ጋር ማስማማት ቧንቧውን ለዓሣ ሲሉ በኬሚካል ከመለወጥ ይቀላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየሳምንቱ እየመጠኑ መቀመም የሚዘልቅ ሥራ አይደለም።

ክሎሪኑ ግን መውጣት አለበት። የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ማሳደር፣ ቢቻል የአየር ፓምፕ እየነፋበት፣ ይበቃል። ባልዲውን ሳሎን ማሳደር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከሮቶ የተቀዳ የኅዳር ጠዋት ውሃ በቀጥታ ሲገባ ገንዳውን ድንገት ያቀዘቅዘዋል።

የመምህሩ ቤት ጉድለት ይህ ብቻ አልነበረም። ገንዳው በተሞላ በማግስቱ ነበር ዓሣዎቹ ሁሉ የገቡት። ዓሣ ቆሻሻውን የሚያስወግደው በአብዛኛው በስንጥቡ ነው፤ የሚወጣውም አሞኒያ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እነሱ ሳይኖሩ የገባ ዓሣ የሚዋኘው በገዛ መርዙ ውስጥ ነው። መርዙ የሚከፋው ደግሞ እንደ ውሃው ነው፤ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ከአሞኒያው መርዛማ መልክ የሚይዘው ከ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ፒኤች 8 ላይ በ25 ዲግሪ 5 በመቶ ያህል ይሆናል። ሁለቱ ጎልድፊሾች ይህን ያብሱታል። ሆዳም ናቸው፤ የሚበሉትም የሚያስወጡትም ብዙ ነው።

ስለ ጎልድፊሽ ዝም ማለት አልችልም። ቻይናውያን ካላመዱት ከሺሕ ዓመት በላይ ነው። ተራው ዓይነት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። እንግሊዝ ውስጥ ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ ከ1956 እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) 43 ዓመት ኖሯል። ይህን ፍጥረት ያለ ማጣሪያ፣ ያለ ፓምፕ፣ በክብ ብርጭቆ አድርጎ ለልጅ ልደት መስጠት በጥቂት ሳምንት እንዲሞት መፍረድ ነው። ልጁም ዓሣ እንዲሁ ቶሎ የሚሞት ነገር ነው ብሎ ይማራል። ክቡ ብርጭቆ ከሱቅ መደርደሪያ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ሻይ ቀርቦ ሦስቱ፣ መምህሩ፣ የልጅ ልጃቸውና ወጣቱ፣ ስለ ገንዳው መከሩ። ወጣቱ ምርጫውን ሁለት አድርጎ አቀረበው። አንደኛው ማሞቂያውን ጠብቆ ለሞቃት ውሃ ዓሣ ብቻ ማዋል ነው፤ ያኔ ማሞቂያው ቢያንስ 75 ዋት መሆን አለበት፣ ለመብራት መጥፋትም መላ ያስፈልጋል። ወንድ ጋፒዎችን ብቻ መያዝ ለዚህ ይሆናል። ሴት ከተቀላቀለች ግን በየአራት ሳምንቱ 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ ስለምትቆይ ወንዶቹ ቢወጡም መውለዷን አታቆምም። እሱ ራሱ በረንዳው የሞላው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሰፈሩን ብርድ የሚችሉ ዓሣዎችን መምረጥ ነው፤ እኔም የማደላው ለዚህ ነው። ዜብራ ዳኒዮ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይችላል፣ 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ከላይ ከላይ ሲሮጥ ይውላል። የትውልድ አገሩ የሕንድና የጎረቤቶቿ ጅረት ነው። ዋይት ክላውድ ማውንቴን ሚኖው ከደቡብ ቻይና ተራራ ጅረት የመጣ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቅዝቃዜውን እንዲያውም የሚመርጥ ነው። ፔፐርድ ኮሪዶራስ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ዓሣ ነው፤ ቻርልስ ዳርዊን በቢግል ጉዞው ሰብስቦ ካመጣቸው ናሙናዎች ነው ለሳይንስ የታወቀው። ከታች ከታች እየፈተሸ ይበላል፣ ማንንም አይነካም፤ ጢሙ እንዳይቆስል ግን ሹል ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ይፈልጋል። ላይኛውን ዳኒዮ፣ ታችኛውን ኮሪዶራስ ሲይዙት አንዱ የሌላውን ስፍራ አይሻማም፤ አፋቸውም ለመዋዋጥ አይበቃም።

ልጅቷ ቀዩን ፋይተር አልለቅም አለች። ለእሱ ለብቻው 20 ሊትር የምትይዝ ገንዳ፣ ትንሽ ማሞቂያና ክዳን ይበቁታል፤ ውሃው ንጹሕና ሞቃት ከሆነ ጅራቱ መልሶ ያድጋል። ታይገር ባርቦቹን፣ ኤንጅልፊሾቹንና ሦስቱን ኒዮኖች ትልልቅ ገንዳዎች ያሉት የወጣቱ ጓደኛ በየፈርጃቸው ሊወስዳቸው ተስማማ። ጎልድፊሾቹና ሳከሯ የሚሄዱበት ቤት እስኪገኝ በአንድ ሰፊ በርሜል ከፓምፕ ጋር እንዲቆዩ ሆነ።

«ወንዝ ብንለቃቸውስ?» ብላ ነበር ልጅቷ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ አዲስ አበባ ሰፈሮች መካከል ይወርዳል፤ ለሕፃን ልብ ወንዝ ነፃነት ነው። ወጣቱ አልቀበልም አለ። ከቆሸሸው ወንዝ ዓሣው ቢተርፍ እንኳ ጉዳቱ ለሌላው ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ይህን በቪክቶሪያ ሐይቅ አይታዋለች፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው ናይል ፐርች የሚባል አዳኝ ዓሣ እየበዛ ሲሄድ በሺሕ ዓመታት የተፈጠሩ ከመቶ በላይ የሲክሊድ ዝርያዎች ከሐይቁ ጠፍተዋል። የቤት ዓሣ የትም ቢሄድ የአገር ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ገንዳው ተራግፎ አሸዋ ገባበት፤ ከወጣቱ ገንዳ ማጣሪያ ላይ የተቆረጠ አሮጌ ስፖንጅም ባክቴሪያውን ይዞ ተጨመረበት። የአሞኒያው መመርመሪያ ዜሮ እስኪያሳይ ዓሣ አይገባም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚገባው ስድስት ዳኒዮ ብቻ ነው፤ የሚመጡበት ላስቲክ ሳይከፈት ለ20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፣ የሱቁ ውሃ ሳይሆን ዓሣው ብቻ በመረብ ይሻገራል። ኮሪዶራሶቹ የሚከተሉት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያው በሌላ ዕቃ ተለይተው ይቆያሉ፣ ገላቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየም ዋናው ገንዳ ውስጥ አይገቡም። በየሳምንቱ ከ50ው ሊትር 10 ወይም 12 ሊትሩ ይወጣና ሳሎን ባደረ ውሃ ይተካል።